ተጣጥፎ የሚሰማ ሰው

ኑ እስቲ ልጆቼ፣ ጠጋ ጠጋ ብላችሁ ተቀመጡ። ድንጋጤው ገና ከላዬ አልወረደም፤ ሳይቀዘቅዝ ልንገራችሁ።

ትናንት ሌሊት በሕልሜ ገበያ ወጣሁ። ልጄ ትርንጎ ለመውለድ ከተማ ሆስፒታል ገብታለችና፣ ድምፅዋን ፍለጋ ነው የወጣሁት። ገበያተኛው ሁሉ ግን አንቴና ሆኖ ቆየኝ። የዛገው አለ፣ ጋቢ የደረበውም አለ። በየኪሳቸው ሰው ይዘዋል። አንዱ ጎረቤቴን ደምሌን ከኪሱ መዘዘና ጆሮው ላይ ለጠፈው።

"ሃሎ፣ ይሰማል?"

ደምሌ አዛጋ።

"ይኼ ሰውዬ ደግሞ ቶሎ ይደክማል" አለና አንድ እፍኝ ቆሎ አፉ ውስጥ ጨምሮ መልሶ ከተተው።

ክው አልኩ። እንደ ምንም ብዬ "ጌቶቼ፣ የልጄ ድምፅ በዚህ አላለፈም?" አልኳቸው።

"መጥቷል። አንተ ግን ለኪስ አትመችም" አሉና ሰው ወደሚጠግነው ሠሪ ወሰዱኝ።

ሠሪው የዋርካ ቁመት ያለው አንቴና ነው። በሜትር ለካኝ።

"ረዝሟል" አለ።

ሚስቱ ክብ የዲሽ ሳህን ናት። "ከጉልበቱ እንቁረጠዋ" አለች።

"አይ አንቺ። ከቆረጥነው ሩቁን አይሰማም። ቁመቱ እንዳለ ይሁን፤ እናጣጥፈዋለን።"

"ኧረ ወገቤን" አልኩ።

"ልጅቱን መስማት ትፈልጋለህ አትፈልግም?"

"እፈልጋለሁ" አልኩ። አጠፉኝ። ጉልበቴን ከደረቴ፣ ክርኔን ከጉልበቴ ሥር። ከሩቅ እንደ ጢንዚዛ ያለ ድምፅ መጣ። ሠሪው ደረቴን ዳሰሰና ፊቱን አጨማደደ።

"ይሞቃል። ከሚሰማው እኩሌታውን ወደ ንዴት እየለወጠ ያባክነዋል። ማንን ነው የተቀየምከው?"

"አማቼን። ከተማ ሲወስዳት አልነገረኝም።"

"ተወዋ።"

ቀላል ይመስላችኋል? ተውኩት። ወዲያው ድምፁ ጠራ። "አባባ…" አለችኝ። ቀጥላ ልትናገር ስትል ነቃሁ።

ጎህ ቀዷል። ቤታችን ውስጥ ኔትወርክ የሚገባው ቆጡ ላይ ብቻ ስለሆነ፣ ስልኩን ይዤ እዚያው ተኮራምቼ ነው ያሸለብኩት። ባለቤቴ የሻረግ መሰላሉ ላይ ቆማ፣ በአንድ እጇ ስልኩን ይዛ በሌላው ጉልበቴን ወደ ደረቴ ትጫናለች። ጎረቤቱ ሁሉ ከሥር ተሰብስቧል።

"እንዳትዘረጋ" አለችኝ። "ስትዘረጋ መስመሩ ይቆረጣል።"

"ወለደች?"

"ሴት ልጅ። ራሷ ናት የምታወራው።"

"ታዲያ ለምን አልቀሰቀሳችሁኝም?"

"ትንጠራራለህ ብለን ፈርተን።"

"በይ ስጪኝ፣ ላናግራት።"

"ስልኩን ወደ ጆሮህ ሳስጠጋው ድምፁ ይጠፋል። ተኝተህ ሳለህ ሞክረነዋል። ይልቅ ዝም ብለህ ታጠፍ።"

ታጠፍኩ። ጎረቤቱ በየተራ መሰላሉን እየወጣ እንኳን ማርያም ማረችሽ አላት። ሁሉም ሰማት፣ እኔ አልሰማኋት።

እናንተም ልጆቼ፣ ከሩቅ የሚወዳችሁ ሰው "ሃሎ" ሲላችሁ፣ ድምፁ በማን ወገብ ላይ አልፎ እንደመጣ አስታውሱልኝ፣ እሺ?