የትርንጎ ጩኸት

ልጄ ካራቴ ትማራለች ስል ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀኝ ማንን መታች ብሎ ነው። ማንንም አልመታችም። እንዲህ ስል ፊታቸው ላይ የሚታየውን ቅሬታ ብታዩት ትገረማላችሁ። ሁለት ዓመት ሙሉ ተምራ አንድ ጥርስ እንኳ ሳታወልቅ? ታዲያ ምን ተማረች?

እሱን ልንገራችሁ። ብዙ የማወራ ሰው አይደለሁም፤ ስለዚህች ልጅ ሲሆን ግን አፌ ይፈታል።

የምንኖረው ገዳሪፍ ከተማ ዳር ነው። እርሻዬ ባሱንዳ በኩል ነው፤ በኪራይ መሬት ሰሊጥና ማሽላ አርሳለሁ። ክረምቱን እዚያው እከርማለሁ። አንድ ጊዜ ከአረም ስመለስ ትርንጎ ነጭ ሱሪና ነጭ ኮት ለብሳ ግቢ ውስጥ አየር ስትረግጥ ደረስኩ። ያኔ አሥራ ሁለት ዓመቷ ነበር። እናቷን ይሄ ደግሞ ምንድን ነው አልኳት። ጦርነቱ ከካርቱም ያፈናቀለው ዑስማን የሚባል ወጣት ገበያው ጀርባ ራኩባ ሠርቶ፣ ያው የሳር ዳስ፣ ልጆች ሰብስቦ ያስተምራል፤ ላክኋት አለችኝ። በገዳሪፍ ጭቃ ነጭ ልብስ ማን ሊያጥብ ነው አልኩ። ራሷ አለችኝ። እውነትም ራሷ አጠበች። ተቃውሞዬ በዚያው አለቀ።

ካራቴ ውስጥ ጩኸት እንዳለ ታውቃላችሁ? እኔ አላውቅም ነበር። ዋናው ምት ላይ ሲደርሱ መጮህ ግድ ነው። ያለ ጩኸት ምቱ አይቆጠርም። የኔ ልጅ እጇም እግሯም ልክ ነው፤ ጩኸቱ ቦታ ስትደርስ ግን የምታሰማው ድምፅ ውሃ ትን ያለው ሰው ከሚያሰማው አይበልጥም። ከየት ታምጣው? እኛ ቤት ማን ይጮሃል? እኔ ምሳ ደርሷል ስባል እንኳ ዝም ብዬ ነው መጥቼ የምቀመጥ።

በዓመቱ የቢጫ ቀበቶ ፈተና ወደቀች። ዑስማን እጅሽ ደርሷል፣ ድምፅሽ አልደረሰም አላት። ከአሥራ አምስት ቀን በኋላ፣ አርብ፣ እንደገና ትፈተኛለሽ ብሎ ሰደዳት። ቤት መጥታ አላለቀሰችም። ልብሷን አጥባ ሰቀለችና መጥታ ፊቴ ቆመች።

«አባየ፣ ልተወው ነው። እኔ ውስጥ ድምፅ የለም።»

ጉልበት አነሰኝ ብትለኝ ጉልበት ነው፤ በልታ ታመጣዋለች። ድምፅ የለኝም ስትል ግን ከማን እንደወረሰችው አውቃለሁ። ምክር አልችልበትም። ትምህርት ቤቱም እንደሁ ተፈናቃይ አርፎበት ተዘግቷል። በማግሥቱ ተነሺ እርሻ እንሄዳለን አልኳት።

ማሽላው ወተት ቋጥሯል። ማሽላ ያረሰ ሰው ይህን ጊዜ ያውቀዋል፤ ወፉ እንደ ደመና ነው የሚወርድ። ማማው ላይ አወጣኋትና ምንም ሳልነግራት ወፉን ጮህኩበት።

ልጅቷ ከማማው ልትወድቅ ነበር። አሥራ ሦስት ዓመት አብራኝ ኖራ ይህን ድምፅ ሰምታው አታውቅም። «አባየ፣ አንተ ነህ?» አለችኝ። ከሁለታችን ሌላ ማማው ላይ ማን አለ?

ወፍ መጠበቅ የራሱ ሙያ አለው። በጉሮሮው የሚጮህ ሰው ረፋድ ላይ ይዘጋል። ወፉም ጉሮሮን ንቆታል። ትንፋሽን ይዞ፣ ሆድን አጥብቆ፣ ከእምብርት በታች ያለውን ባንዴ መልቀቅ ነው። ለካ ዑስማንም ይህንኑ ሲነግራት ነው የከረመው። ግን ራኩባ ውስጥ ወፍ የለም።

የመጀመሪያው ቀን ስትጮህ ወፎቹ ቀና ብለው አዩዋትና መብላታቸውን ቀጠሉ። እኔ አልሳቅኩም። በሦስተኛው ቀን ዳር ዳር ያሉት ተነሡ። ሳምንት ሲሞላ ከማማው ሥር ተቀምጬ የዶማ እጀታ ስጠርብ አንድ ድምፅ ሰማሁ። ሌላ ሰው የመጣ መስሎኝ ቀና ስል ያ ሁሉ ወፍ ከማሽላው ላይ እንደ ጨርቅ ተገፎ ሄደ። ሄዶ ያረፈው ጎረቤቴ እርሻ ላይ ነው። ሰውየው እስካሁን በደንብ ሰላም አይለኝም።

አርብ ደረሰ። አብሬያት ሄድኩ። ራኩባው በር ላይ ጫማ አውልቆ፣ ጎንበስ ብሎ እጅ መንሳት ሕግ ነው አሉኝ። እኔ ለመሬቱ ባለቤት እንኳ አንገቴን አልሰብርም፤ ለዚህ ልጅ እግር ላጎንብስ? ቆምኩ። ከኋላዬ የነበሩት እናቶች በዓረብኛቸው ያ ሐጅ፣ አንተ ሽማግሌ እንደ ማለት ነው፣ ወይ ግባ ወይ መንገድ ልቀቅ አሉኝ። ትንሽ ጎንበስ አልኩ። ዑስማን አየኝና ከኔ ይበልጥ ዝቅ ብሎ እጅ ነሳኝ። አፈርኩ። አሁን ደህና አድርጌ ጎንበስ አልኩ። እሱም ደገመ። ትርንጎ ባትጎትተኝ ኖሮ ስንጎነበስ እንውል ነበር።

ፈታኙ ከከሰላ የመጣ ሽማግሌ ነው። ትርንጎ ተጠራች። እጇን አያለሁ፣ እግሯን አያለሁ፤ ልቤ ግን ቀድሞ ጩኸቱ ቦታ ሄዶ ተቀምጧል። ደረሰች። ትንፋሿን ያዘች። ለቀቀችው።

ውጭ ሻይ የምትሸጠው ሴት ብርጭቆ ጣለች። የውሃ ጋሪ የሚጎትት አህያ ደነገጠና ጋሪውን ይዞ ሸሸ። ፈታኙ እስክሪብቶው ከእጁ አመለጠው፤ አንስቶ «አልፋለች» ብሎ ጻፈ። ወደ ቤት ስንሄድ ረክሻ፣ ያው ባጃጅ፣ እንያዝ አለችኝ። በእግራችን ነው አልኳት፤ ያውም በገበያው መሀል። ያን ቀበቶ ያላየ ሰው በገዳሪፍ መቅረት የለበትም።

ጣጣው የመጣው በኋላ ነው። ዑስማን ይህን ድምፅ ከየት አመጣሽው ቢላት ወደኔ ጠቆመች። ይኸው እርሻ በማልውልበት አርብ ሁሉ ሃያ ልጅ ፊት በባዶ እግሬ ቆሜ ጩኸት አስተምራለሁ። ሲገቡ ጎንበስ ይሉልኛል፤ እኔም እላቸዋለሁ። ለመድኩት።

ባለፈው አርብ ጮሄ ሳበቃ ትርንጎ ከመሀላቸው ወጥታ መጣች። እጅ ነሳችኝ። «አባየ፣ ዛሬ በጉሮሮህ ነው የጮህከው። ልክ አይደለም፤ ድገመው» አለችኝ። ሃያው ልጅ ዓይን ዓይኔን ያየኛል። ቤቴም ሆነ እርሻዬ ላይ ተሳስተሃል ያለኝ ሰው የለም፤ ካለም አልሰማሁትም። ልጅቷ ግን እውነቷን ነበር።

እሺ አልኩና ደገምኩት።

ይህን ለእናቷ እንዳትነግሩብኝ። ያችን እሺ የምትል ቃል ከአፌ ለመስማት ሃያ ሁለት ዓመት ጠብቃለች።