ለተርኪ አንቱ የሚሉት ሰው

ጫካ ባለበት አገር ሁሉ፣ ከእግዚአብሔር ሕግና ከመንግሥት ሕግ ሌላ ሦስተኛ ሕግ ተሸክሞ የሚዞር አንድ ሰው አይጠፋም። እግዚአብሔር ይቅር ይላል። መንግሥት ቀጥቶ ይረሳል። ይህ ሰው ግን ይቅር ማለትም መርሳትም አልፈጠረበትም። በእኛዋ ሲካሞር ፎርክ፣ በኦዛርክ ኮረብታዎች ሥር፣ ይህን ከባድ ኃላፊነት የተሸከሙት ክቡር አጎት ቨርሊን ሌድቤተር ናቸው፤ የዱር ተርኪዎች ጠበቃ፣ የአውራ ተርኪ ክብር ዘብ፣ የጸደይ አደን ሊቀ ሊቃውንት፣ በጡረታ ላይ ያሉ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ሾፌር። አጎት የምላቸው የሥጋ ዘመዴ ሆነው ሳይሆን የአባቴ የአደን ጓደኛ ስለነበሩ ነው።

ጸደይ ሲገባ አውራው ተርኪ፣ ያ ከዶሮ እጅግ የሚገዝፍ የዱር ወፍ፣ ገና ሳይነጋ ዛፍ ላይ ሆኖ ጉብልብልብል እያለ ሚስት ይጣራል። እኛ ደግሞ ቅጠል መሳይ ልብሳችንን ለብሰን፣ ግንድ ተደግፈን፣ መዥገር እየነከሰን፣ በእንጨት መጥሪያ ሚስት መስለን እንመልስለታለን። ኪያው ኪያው። እሱ ሙሽራ ነኝ ብሎ ሲመጣ እኛ ጠመንጃ ይዘን እንጠብቀዋለን። «ለመሆኑ ወፍን በሚስት ስም አታልሎ መጥራት ጨዋነቱ ምኑ ላይ ነው?» ብዬ አንድ ጊዜ ጠይቄ ነበር። የአጎት ቨርሊን መልስ ከቤታቸው በራፍ ተነሥተን፣ ወንዙን ተሻግረን፣ ተመልሰን ስንመጣም አላለቀም።

ሲጠቃለል እንዲህ ነው። ዛፍ ላይ የተኛ አይነካም። ጎረምሳ አይነካም፤ ደረቱ ላይ ጺሙ ይብቀል። ዓይኑን ሳታይ ቃታ አትሳብ። ሌላ አዳኝ የሚያዋራውን ወፍ አትጥራ። ከሁሉ የሚበልጠው ትእዛዝ ግን ይህ ነው፦ በጥሪህ ያልመጣ ያንተ አይደለም። ዝም ብሎ በፊትህ የሚያልፈውን አውራ መንግሥት ተኩስ ቢልህም አጎት ቨርሊን አይሉህም። «ሕጉ ይፈቅዳል፤ እሳቸው ግን አልፈቀዱም» ይሉሃል። እሳቸው ማለት ተርኪው ናቸው።

አዎ፣ ለተርኪ አንቱ ይላሉ። ለሰው ሁሉ ግን አንተ ነው። ፓስተሩን አንተ፣ የልብ ሐኪማቸውን አንተ፣ የወረዳውን ዳኛ አንተ። ልጅ ሳለሁ ምክንያቱን ብጠይቃቸው፣ «ዳኛውን? አውቶቡሴ ውስጥ ንፍጡን የጠረግኩለት እኔ ነኝ!» አሉኝ። ጎረምሳው ተርኪም ቢሆን አንተ ነው የሚባለው። አንቱታ የሚገኘው በጺም ነው።

ኦርቫል ፕሩይት የሞተ ጊዜ፣ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ስለ ሟቹ ሁለት ቃል እንዲናገሩ ተጠየቁ። ጠያቂው እስከ ዛሬ ይጸጸታል። አጎት ቨርሊን ተነሡና ኮፍያቸውን አወለቁ።

«ኦርቫል ጥሩ ባል ነበር። ጎበዝ ገበሬ ነበር። ትራክተሩን ለጎረቤት ነፍጎ አያውቅም። ነገር ግን አንድ ጸደይ፣ እሳቸው ገና ከእንቅልፋቸው ሳይነሡ፣ ዛፍ ላይ እንዳሉ ተኩሶባቸዋል። እግዚአብሔር ያውቃል፤ እኔም አውቃለሁ።»

 ከፊት የተቀመጠችው የሟቹ ሚስት ማቭ ዞር እንኳ ሳትል፣ «እኔም አውቃለሁ ቨርሊን፤ ጠብሼ የበላሁት እኔ ነኝ። አሁን ቁጭ በል» አለቻቸው። ቁጭ አሉ። በሲካሞር ፎርክ ታሪክ አጎት ቨርሊን ክርክር የተሸነፉት ያኔ ብቻ ነው።

ጎማ ቤት ያለውን ድዋይት ስክሮጊንስን ደግሞ በሉርሊን ምግብ ቤት የያዙትን አልረሳም። ድዋይት ብስኩቱን ነጭ መረቅ ውስጥ እየነከረ፣ ሜዳውን አሻግሮ፣ ከወንዙ ማዶ እንዴት አንድ አውራ እንደጣለ ይተርካል። አጎት ቨርሊን ሹካቸውን አስቀመጡ። ተነሡ። ኮፍያቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ።

«ምን ሆንክ ቨርሊን?» አለ ድዋይት።

«የኅሊና ጸሎት ነው፤ ለሟቹ።»

ምን ይደረግ? ሁላችንም ተነሣን። ዓሣ ሊበሉ ከመንገድ የገቡ ሁለት የማናውቃቸው ሰዎች እንኳ ባርኔጣቸውን አወለቁ፤ ሉርሊን ማንቆርቆሪያዋን ይዛ ደርቃ ቀረች።

«እሺ በቃ፣ ያን ያህልም ሩቅ አልነበረም!» አለ ድዋይት።

«ዓይናቸውን አየኸው?»

«የማንን?»

«የሟቹን።»

ድዋይት አንገቱን መረቁ ላይ ደፋ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ።

እስካሁን የሳቅሁት በሰው ነው። አሁን ወደ ራሴ ልምጣ። በሉርሊን ግድግዳ ላይ የከተማችን ሰው ሁሉ የመጀመሪያ ተርኪው ጅራት እንደ ማራገቢያ ተዘርግቶ ይሰቀላል። የአባቴ የሃርላን አለ። ከጎኑ ደግሞ አባቴ በገዛ እጁ የመታልኝ ሚስማር አለ። ሲመታው ገና ልጅ ነበርኩ፤ «ዌንዴል፣ ይሄ ያንተ ነው፤ የሚመጣው ጸደይ» ብሎኝ ነበር። እሱ ከሞተ ዘመን ሆኖታል፤ እኔም ሸብቻለሁ፤ ሚስማሩ ጅራት አላየም። ሉርሊን ሽርጧን ትሰቅልበታለች። ፓስተሩ ሰቅሏል፣ የፓስተሩ ሚስት ሰቅላለች፣ የድዋይት ትንሿ ልጅ ሳትቀር ሰቅላለች። ያንን ሽርጥ ባየሁ ቁጥር ደሜ ይፈላል።

ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ የማድነው ከአጎት ቨርሊን ጋር ነው። ከሌላ ሰው ጋር ውጣ ትሉኝ ይሆናል። ሞክሬያለሁ። ከድዋይት ጋር ወጥቼ እስከ ምሳ ድረስ ስለ ጎማ አወራኝ።

ከሁሉ ይልቅ ያሳበደን አንድ ሽማግሌ አውራ ነው። ስማቸው ሴናተሩ ነው። ብዙ ይናገራሉ፣ እመጣለሁ ይላሉ፣ አይመጡም። የመጀመሪያ ጊዜ ያገኘናቸው ቅርንጫፍ ላይ ሆነው ነው፤ አጎት ቨርሊን «ተኝተዋል» ብለው በእግር ጣታችን እየተራመድን ከጫካው አስወጡኝ። ሌላ ጊዜ ተስፋ ቆርጠን ወደ ፒካፑ ስንመለስ በፊታችን መንገድ አቋረጡ። ጠመንጃዬን ሳነሣ የአጎት ቨርሊን ድምፅ በጆሮዬ መጣ፦

«ሕጉ ይፈቅዳል፤ እሳቸው ግን አልፈቀዱም። ወደ ጉዳያቸው እየሄዱ ነው።»

«ተርኪ ምን ጉዳይ አለው?»

«አልጠየቅኳቸውም፤ አያገባኝም።»

ዓምና ደግሞ ማዶ ጋራ ላይ የሚጣራ ሌላ አዳኝ ዘንድ ሲሄዱ፣ በአፍንጫችን ሥር ቀስ ብለው አለፉ። «ወደ ሰው ቤት የሚሄድ እንግዳ መንገድ ላይ አይጠለፍም» ተባልኩ። ያን ዕለት ማታ ባለቤቴን «ሰውዬውን አንድ ቀን ግንድ ላይ አስሬያቸው እመጣለሁ» ብያታለሁ።

እንግዲህ የዘንድሮ ጸደይ አደን የመጨረሻዋ ቀን መጣች። አጎት ቨርሊን ገና በሌሊት እንደ ጉጉት ጮኸው ሴናተሩን ቀሰቀሷቸው፤ ከዚያ በገዛ እጃቸው በጠረቡት የጥድ መጥሪያ ረፋዱን ሙሉ ተማጸኗቸው። ሴናተሩ ከጋራው ማዶ ጥቂት ንግግር አሰሙና ዝም አሉ። አደኑ የሚዘጋበት ሰዓት ተቃረበ። እኔ በሐሳቤ የሉርሊን ሽርጥ ሲወዛወዝ ይታየኛል።

«አጎት ቨርሊን፣ ምሳዬን ልብላ እንዴ?»

«ብላ። ሐዘን በባዶ ሆድ አይቻልም።»

ምሳ የምይዘው በአባቴ የምሳ ሳጥን ነው። እርሳስ ማዕድን ይቆፍር በነበረ ጊዜ ወደ ጉድጓዱ ይዞት የሚወርድ የቆርቆሮ ሳጥን ነው፤ ማጠፊያው ዝጓል። እግሬ ሥር እንዳለ ክዳኑን ከፈትኩት።

ኪያው።

ከጋራው ላይ ጉብልብልብል!

ተያየን።

«ምን አደረግክ?» አሉ በሹክሹክታ።

«ምንም። ሳንድዊች ላወጣ...»

«እስቲ ዝጋው።»

ኪያው ኪያው። ጉብልብልብል! አሁን ከጋራው ወዲህ ነው። የአጎት ቨርሊንን ፊት ብታዩት! ዕድሜ ልኩን የዘመረ ሰው፣ በር ሲንቋቋ ጉባኤው በእልልታ ሲቀልጥ የሰማ ይመስሉ ነበር። የጥድ መጥሪያቸውን አዩት፤ ዝገቱን አዩት።

ሴናተሩ እየሮጡ መጡ። እንዲያ ያለ ሰውነት እየሮጠ ሲመጣ አይቼ አላውቅም። ከፊታችን ያለው ሣር ጋ ሲደርሱ ግን ክብራቸው ትዝ አላቸውና ቆም አሉ፤ ጅራታቸውን ዘረጉ፣ ክንፋቸውን መሬት ጎተቱ፣ ጺማቸው ቅጠሉን እየጠረገ ወደ ሳጥኑ ተራመዱ። ጠመንጃዬ ጉልበቴ ላይ ተዘጋጅቷል። ዓይናቸው ታየኝ፤ ጥቁር፣ ክብ፣ በፍቅር የታወረ ዓይን። አባቴ ታወሰኝ። ሚስማሩ ታወሰኝ። ግን ትእዛዙንም አውቃለሁ። በጥሪህ ያልመጣ ያንተ አይደለም። የጠራቸው የምሳ ሳጥን ነው።

ፍርዴን ልሰማ ዓይኔን ብቻ ወደ አጎት ቨርሊን አዞርኩ። ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ።

«ሕጉ ይፈቅዳል...»

ጠበቅሁ። የቀረው አልወጣም። እኔን አዩኝ፣ ወፉን አዩ፣ እንደገና እኔን አዩኝ። ከዚያ ጀርባቸውን በግንዱ ላይ ቀስ፣ በጣም ቀስ አድርገው ወደ ታች ማንሸራተት ጀመሩ፤ ኮፍያቸው ከኋላ በግንዱ እየተገፋ ወደ ፊት መጣ፤ ግንባራቸውን ሸፈነ፣ ዓይናቸውን ሸፈነ፣ አፍንጫቸው ላይ ደርሶ ቆመ።

«እኔ እዚህ የለሁም» አለ ኮፍያው።

ኦርቫልን ሬሳ ሣጥኑ ውስጥ እንኳ ያልማሩት ሰው! ለእኔ ሲሉ፣ ለአንዲት ዝገታም ሚስማር ሲሉ፣ ዕድሜ ልካቸውን የጠበቁትን ሕግ ዓይናቸውን ሸፍነው ሊያሳልፉት ነው። ይህን ስጽፍ እንኳ ደረቴ ይሞቃል። ጣቴን ቃታው ላይ አደረግሁ። ልክ በዚያች ቅጽበት ሴናተሩ ለምሳ ሳጥኔ ዝቅ ብለው እጅ ነሡ። አንዴ በቀኝ ጎናቸው ታዩለት፣ አንዴ በግራ። ሳጥኑ መልስ አልሰጠም። ከኮፍያው ሥር የአጎት ቨርሊን አገጭ እንደሚጸልይ ሰው ይንቀሳቀሳል።

ሳቄ መጣ። መጀመሪያ በአፍንጫዬ ወጣ፣ ከዚያ በጆሮዬም ሳይወጣ አልቀረም። ጠመንጃው ከእኔ ጋር እየተንቀጠቀጠ፣ ጣቴን አንሥቼ አፈሙዙን ወደ መሬት አወረድኩት። ሴናተሩ በስብሰባ መሐል የተሰደቡ ይመስል ገላምጠውኝ፣ ጅራታቸውን አጥፈው፣ ጋራውን ተሻግረው በረሩ።

«ተኮስክ?» አለ ኮፍያው።

«አልተኮስኩም።»

«ለምን?»

«ሕጉ ይፈቅዳል፤ የመጡት ግን ወደ ሳጥኑ ነው።»

 ኮፍያው ቀና አለ።

«ሳጥኑ የማን ነበር?»

«የአባቴ።»

«ሃርላን ደግሞ ጅራቱን ሰቅሎ ድርሻውን ወስዷል» አሉ በከባዱ፤ ከዚያ ፊታቸው ተፈታ። በጫካ ውስጥ መሳቅ ክልክል ነው የሚሉት ሰውዬ ግንዱን አቅፈው ሳቁ፤ እንባቸው ጢማቸው ውስጥ እስኪገባ፣ ሳንድዊቼን ረግጠው እስኪያልፉ ድረስ ሳቁ።

ወሬው ከእኛ ቀድሞ ሉርሊን ጋ ደርሷል። እንዴት እንደደረሰ ባላውቅም፣ ስንገባ ድዋይት ወንበሩን አዙሮ ይጠብቀናል።

«እውነት ነው ቨርሊን? አይተህ እንዳላየህ ልትሆንለት ነበር?»

አጎት ቨርሊን አይዋሹም። እንደ ሌላው ሰው ዓይኔን ግንባር ያድርገው ብለው አልማሉም።

«እኔ ያየሁት የኮፍያዬን ውስጥ ነው።»

«እና ምን ነበረበት?»

«ጨለማ። ትንሽ ላብ።»

የምሳ ሳጥኑን ከእጄ ወሰዱ። ወደ ግድግዳው ሄዱና የሉርሊንን ሽርጥ ከሚስማሬ ላይ አወረዱት።

«ኧረ ቨርሊን! ሽርጤን የት ልስቀል?»

«ወገብሽ ላይ።»

ሳጥኑን በእጀታው ከአባቴ ጅራት አጠገብ ሰቀሉት። ሲወዛወዝ ክዳኑ ኪያው አለ፤ ምግብ ቤቱ በሙሉ ወደ መስኮቱ ዞረ።

«ይሄማ አይሆንም!» አለ ድዋይት። «እዚህ የሚሰቀለው ጅራት ነው። እሱ ምን ገደለ?»

«ምንም። አንተ በመነጽር ብቻ የምታያቸውን ሰውዬ እግራችን ሥር ጠርቶ አምጥቷል። ከዛሬ ጀምሮ ደግሞ ጫካ አይገባም። እሱ ካለ እሳቸው ዕድል የላቸውም፤ ግፍ ነው።»

ይህን ብለው ወደ ጠረጴዛቸው ተመለሱ። ከፊታቸው ያለውን ባዶ ወንበር ሳቡ፤ ወንበሩን በኮፍያቸው ጠረጉት፤ ቀጥ ብለው ቆሙ።

«ይቀመጡ» አሉ።

ሴናተሩ ተከትለውን የገቡ መስሎኝ ወደ በሩ ዞር ብዬ አየሁ። ማንም አልነበረም፤ አጎት ቨርሊን የሚያዩት እኔን ነው።