የታጠቡት ሳንቲሞች

በየቤተሰቡ አንድ ፈትጎ የማይጠግብ ሰው አለ። "እኛ ቤት የለም" የሚል ካለ፣ ያ ሰው ራሱ ነው።

የሰፈራችን ሰዓት አዳሽ ታላቅ እህት ግን የሁሉም አለቃ ናቸው። ቤተሰቡ "ክብርት እሜቴ ፍትጊያ" የሚል ማዕረግ ሰጥቷቸዋል። ድስት ሲያጥቡ ከጥቀርሻው ጋር የተሳለበት አበባም አብሮ ይሄዳል። የጎረቤት በር እጀታ ደብዝዞ ካዩ ሰላም ሳይሉ ሽቦ ያወጣሉ። አንዴማ ወንድማቸው መስታወቱን አውልቆ ጠረጴዛ ላይ የተወውን የደንበኛ ሰዓት አግኝተው ቁጥሮቹን ሙልጭ አድርገው አጠፏቸው።

"አሁን ስንት ሰዓት እንደሆነ በምን ልወቅ?" ቢል የሰዓቱ ባለቤት፣ "ንጹህ መሆኑን ግን አየህ አይደል?" አሉት።

ዘንድሮ ነገሩ ባሰ። "ኧረ አቧራው ምን ነካው!" እያሉ የመስኮቱን መስታወት ያጥባሉ፣ ያደርቃሉ፣ መልሰው ያጥባሉ። ወንድማቸው ይስቅ ነበር። አንድ ጠዋት የመስኮቱን ብረት ጥላ ከጠረጴዛው ላይ ሊያስለቅቁ ሲታገሉ ሲያገኛቸው ግን ሳቁ ጠፋ። ወደ ሐኪም ወሰዳቸው። ሐኪሙ አየና የሁለቱም ዓይናቸው ሞራ ቶሎ ካልተገፈፈ ጭራሽ ይጨልምባቸዋል አለ።

ሰዓት አዳሹ ከወጣትነቱ ጀምሮ ያጠራቀማቸው የጥንት ሳንቲሞች ነበሩት። ከእህቱ ቀጥሎ የሚሳሳው ለእነሱ ነው። ለሕክምናው ወጪ ሲል ሳያመነታ ገዢ ፈለገላቸው።

"እትዬ፣ በሞቴ እንዳትነኪያቸው" አላቸው። "ሰውየው የሚገዛው ዕድሜያቸውን ነው። ጥቁረታቸው ነው ዋጋቸው።"

"ቆሻሻ የሚገዛ ሰው አለ? ጉድ እኮ ነው!"

ገዢውን ከመንገድ ሊቀበል ወጣ። እሜቴ ብቻቸውን ቀሩ። እንግዳ ሊመጣ ነው፤ የወንድማቸው ዕቃ ደግሞ እንዲህ ጠቁሮ! ሰው ምን ይላል? አመዱ ቀረበ፣ ሎሚው ተቆረጠ፣ ሽቦው ወጣ።

ሁለቱ ሲገቡ ሳንቲሞቹ ነጭ ጨርቅ ላይ ተደርድረው እንደ አዲስ የኮት ቁልፍ ያብረቀርቃሉ። ገዢው አንዱን አንስቶ በአጉሊ መነጽር አየና አስቀመጠው።

"ማነው ያጠባቸው?"

ሰዓት አዳሹ እህቱን አያቸው። እጅጌያቸው እስከ ክንዳቸው ርሷል፣ ፊታቸው በደስታ በርቷል፣ "እኔ" ሊሉ አፋቸውን ከፍተዋል።

"እኔ ነኝ" አለ ቀድሟቸው።

"ሰዓት አዳሽ ሆነህ? ሳትነካቸው ብትተዋቸው እኮ እጥፍ እከፍልህ ነበር። ጭረቱን እየው! አሁን ማን ሰብሳቢ ይወስደዋል?"

የሚገባቸውን ግማሽ ከፍሎ ሄደ። እሜቴ እጃቸውን ጭናቸው ላይ ጥለው ተቀመጡ።

"ዓይኔን በገዛ እጄ ፈትጌ ጣልኩት" አሉ።

"ምን ሆነሻል እትዬ? ለአንዱ እኮ ይበቃል። ለሌላው ደግሞ እንሠራለን።"

"ያንተ ሳንቲሞችስ?"

"ሳንቲም ነው፣ ይመጣል" አለ፤ እንደማይመጣ እያወቀ።

ሞራው ከአንዱ ዓይን ተገፎ ፋሻው የተፈታ ዕለት፣ ሰዓት አዳሹ አልጋው አጠገብ ቆሞ የክፍሉን ጣሪያ በስጋት ይቃኛል። ጣሪያው የሸረሪት ድር አለበት፤ አሁን ያዩትና ወንበር አምጡ ይላሉ ብሎ ፈርቷል። እሳቸው ግን ወደ ጣሪያው ዞር አላሉም። እሱን ነው ትክ ብለው የሚያዩት።

"አንተ ልጅ! መቼ ነው እንዲህ የሸበትከው?"

"ኧረ ቆየ እኮ እትዬ።"

ጣታቸውን በምራቃቸው አርሰው ጆሮ ግንዱ ላይ ያለውን ሽበት አሸት አሸት አደረጉት። አልለቀቀም። እሱም እንደ ልጅነቱ ጎንበስ ብሎ ራሱን ሰጣቸው።

"ፈትጊው፣ ካሻሽ።"

እሜቴ ፍትጊያ ጥቂት አሰቡ። ከዚያ እጃቸውን ሽበቱ ላይ አሳረፉ።

"ተወው" አሉ፣ "እንዲህ ያምርብሃል።"