ትእዛዝ ያልጠበቀ እግር

ጥናት ያሳስራል! አትሳቁ... ሰነፍ ተማሪ ሲወድቅ እንጂ በስንፍናው ሲታሰር አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ግን ለባዮሎጂ ፈተና ባጠናሁ ቀበሌ ታስሬ ከማደር የተረፍኩት ለጥቂት ነው።

ዘመኑ ደርግ፣ ሰፈሩ ብስራተ ገብርኤል። የዩኒቨርሲቲ አንደኛ ዓመት ተማሪ ነበርኩ። እሁድ እሁድ ቀበሌያችን ስብሰባ ላይ አንድ የተማረ ሰው ይነሳና "ነዋሪውን ያነቃል"። ያን እሁድ ተራው የኔ ሆነ። በማግስቱ ደግሞ የሥርዓተ ነርቭ ፈተና አለብኝ። "ነዋሪውን እያነቃሁ ለምን አልከልስም?" አልኩ። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም የሚለውን ማን ያስታውሰኝ!

ጽንስ ገና ምስር ሳያክል ጀርባው ላይ ቦይ እንደሚወጣ፣ ቦዩ ተከድኖ ቱቦ እንደሚሆን፣ ከቱቦው አናት አንጎል፣ ከቀረው ህብለ ሰረሰር እንደሚበቅል አስረዳሁ። ጎረቤታችን እትዬ በላይነሽ፣ "ስድስት ልጅ ወለድኩ ስል ቧንቧ ስዘረጋ ኖሬያለሁ በሉኛ!" አሉ። ቤቱ በሳቅ ተናጋ።

ሳቁ ልቤን አሳበጠው...

"እጃችሁ ትኩስ ድስት ሲነካ፣" አልኩ፣ "የሚያሸሸው አንጎል እንዳይመስላችሁ! የጀርባችን ህብለ ሰረሰር ራሱ ያዛል። አንጎል ወሬውን የሚሰማው ዘግይቶ ነው።"

የቀበሌው ሊቀመንበር ወንበራቸውን አስጠጉ።

"ከላይ ትእዛዝ ሳይመጣ?"

"አዎ፣ ጓድ።"

"ማዕከሉ ሳያውቅ?"

"አዎ... ማለቴ..."

"ይሄማ አናርኪስት ነው! አብዮት ጠባቂ! ነገሩ እስኪጣራ ይሄ ልጅ እዚሁ ይደር!"

ፈተናው ቀረ ማለት ዓመቱ ተቃጠለ ማለት ነው! እንባዬ መጣ።

"ጓድ፣ እኔ ምን ላድርግ፣ ተፈጥሮ ናት! የርስዎም እግር እንደዚሁ ነው።"

"የኔ እግር ያለ ትእዛዝ ንቅንቅ አይልም። ና፣ ሞክረው!" ብለው እግራቸውን አነባብረው ተቀመጡ።

ጠረጴዛ የሚደበድቡበትን የእንጨት መዶሻ አነሳሁና ከግራ ጉልበታቸው ዝቅ አድርጌ... ቋ! እግራቸው ተስፈንጥሮ ሊወስደኝ የመጣውን አብዮት ጠባቂ ቅልጥሙን አለው። ሰውዬው "ወይኔ እናቴ!" እያለ በአንድ እግሩ ዘለለ።

ማንም አልሳቀም። ያኔ መሳቅም ያሳስራላ! እኔማ አለቀልኝ ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ። እትዬ በላይነሽ ግን እጃቸውን አወጡ።

"ጥያቄ አለኝ፣ ጓድ ሊቀመንበር። ያወራው ልጅ ከታሰረ የተማታው እግር እንዴት ሊሆን ነው? ይታሰር ካልን እርስዎም አብረውት መግባትዎ ነው።"

ጓድ ሊቀመንበር እግራቸውን በጥርጣሬ ትክ ብለው አዩት። ከዚያ ጉሮሯቸውን ጠርገው ውሳኔ አሳለፉ፤

"እግሬ ጥፋቱ የመጀመሪያው ስለሆነ በማስጠንቀቂያ ታልፏል። ልጁም ከእግሬ ጋር ይታለፍ!"

ሌላውን ሰው ሽማግሌ ያማልደዋል፤ እኔን ያማለደኝ የሊቀመንበሩ ግራ እግር ነው።