ማሞቂያ በሲቀላ

መብራት የሌለው ሰፈር አይቻለሁ፤ ውሃ በሳምንት አንዴ የሚመጣበት ሰፈር ኖሬያለሁ፤ ሁሉን ዐዋቂ የሌለበት ሰፈር ግን እስከ ዛሬ አልገጠመኝም። ሌላው ቢጎድል ይሄ አይጎድልም። ሆድህን ሲቆርጥህ ከሐኪሙ በፊት ደርሶ መድኃኒት ያዝልሃል። ግድግዳ ስታስለስን ከግንበኛው ጀርባ ቆሞ "ሲሚንቶው አነሰ" ይላል። ግድግዳው ከፈረሰ "ብዬ ነበር" ይላል፤ ካልፈረሰ ደግሞ "ቆይ ታያላችሁ" ብሎ ይሄዳል። እንዲህ ያለ ሰው ተሳስቶ አያውቅም።

ለእኛ ሰፈር የደረሱት ክቡር ጋሽ ሙደሲር ናቸው። አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ፣ ገበያው አጠገብ የመብራትና የቧንቧ ዕቃ ሱቅ አላቸው። አምፖል ልትገዛ ትገባለህ፤ ኤሌክትሪክ ከየት እንደሚመጣ ተምረህ፣ አምፖሉን ረስተህ ትወጣለህ። ከላንቴ የመጡ የሙዝ ገበሬዎች የፓምፕ ቱቦ ሲጠይቋቸው ሙዝ እንዴት እንደሚተከል አስተምረው ሸኝተዋቸዋል። አንድ ጊዜ የመስጊዱንም የቤተ ክርስቲያኑንም ድምፅ ማጉያ በአንድ ሳምንት አስተካከሉና ሁለቱም እኩል ዝም አሉ። በከተማችን የሃይማኖት እኩልነት እንደዚያ ሳምንት በተግባር ታይቶ አያውቅም።

እኔ ጌታነህ እባላለሁ። ከሱቃቸው ፊት ለፊት እኖራለሁ፤ አንዲት ሞተር ሳይክል አለችኝ፤ ስለ እሷም ከእኔ ይልቅ የሚያውቁት እሳቸው ናቸው። ለዓመታት አንድ ምኞት ብቻ ነበረኝ። ጋሽ ሙደሲር በሰው ፊት "ተሳስቻለሁ" ሲሉ ሰምቼ ከዚያ ብሞትም ግድ አልነበረኝም።

ሱቁ ፊት ለፊት፣ ማንጎው ጥላ ሥር፣ መኪናቸው ቆማለች። እንግሊዝ ሠራሽ ስፖርት መኪና ናት፤ ጣሪያዋ ሸራ፣ ወንበሯ ሁለት ብቻ፣ ቁመቷ ፍየል ዘላ የምታልፋት። በንጉሡ ጊዜ እዚህ መስኖ ሥራ ላይ የነበረ አንድ እንግሊዛዊ መሐንዲስ አብዮቱ ሲመጣ በችኮላ ሲሄድ ለአባታቸው የተዋት ናት። ጋሽ ሙደሲር ባለቤታቸውን እትዬ መሪማን ሙሽራ አድርገው ያመጧቸው በዚህችው መኪና ነው። መሪዋ በቀኝ ስለሆነ እትዬ መሪማ የሚቀመጡት በግራ፣ ሌላው መኪና ሹፌር በሚቀመጥበት በኩል ነው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ትራፊክ ባስቆማቸው ቁጥር መንጃ ፈቃድ የሚጠየቁት እትዬ መሪማ ናቸው።

ይህች መኪና ማሞቂያ አላት። ማሞቂያዋ ተበላሽቶ ነበር። ጋሽ ሙደሲርም ሁለት ዓመት ሙሉ ሲጠግኑት ከረሙ። አርባ ምንጭ ውስጥ፣ ሰው በጥላ ሥር እንኳ ላብ በሚጠርግበት አገር፣ የመኪና ማሞቂያ የሚጠግን ሰው ብታይ መጀመሪያ የምትጠራለት መካኒክ አይደለም፤ ጠበል የሚያጠምቅ ነው።

ግን ምክንያት ነበራቸው። ልጃቸው ረይሐና ጨንቻ አስተማሪ ናት። ከእኛ ዘንድ ጨንቻ ሠላሳ ምናምን ኪሎ ሜትር ብትሆን ነው፤ መንገዱ ግን ሽቅብ ነው፤ እኛ እዚህ ስንቀልጥ እዚያ ሰው ጋቢ ደርቦ ይንቀጠቀጣል። ባልና ሚስት በየእሁዱ ልጃቸውን ሊያዩ ይወጣሉ። ከሁለት ዓመት በፊት ሲመለሱ ጉም ያዛቸው፤ ብርዱ በሸራው ሥር ገባ፤ የእትዬ መሪማ ጉልበት ተቆልፎ ቤታቸው በር ላይ ሁለት ሰው ደግፎ አወረዳቸው። ወርደው መሬት ሲረግጡ እንዲህ አሉ፤

"የረይሐና አባት፣ ከዛሬ ጀምሮ በሚኒባስ ነው የምሄደው። ማሞቂያው ሲሠራ ጥራኝ።"

"ትንሽ ነገር ናት" አሉ ጋሽ ሙደሲር። ለእሳቸው ሁሉም ነገር ትንሽ ነገር ነው።

ከዚያ ወዲያ እሁድ እሁድ ሲቀላ የሚታይ ትርኢት ሆነ። እትዬ መሪማ ምግቡን በዘንቢል ይዘው ሚኒባስ ይገባሉ፤ ጋሽ ሙደሲር ብቻቸውን በስፖርት መኪናቸው ከኋላ ይከተላሉ። ሚኒባሱ ሰው ለማውረድ ሲቆም እሳቸውም ይቆማሉ፤ ሲነሳ ይነሳሉ። መንገድ ላይ ያለ ሰው ሚኒስትር የሚያልፍ መስሎት ባርኔጣውን ያወልቅ ነበር አሉ። እኔም እንደ ሰዉ ሁሉ ስቄያለሁ። ግን አንድ እሁድ ከፊት ለፊት ሲመጡ አየኋቸው፤ ግራው ወንበር ባዶ ነው፤ እጃቸውን ግን የወንበሩ መደገፊያ ላይ እንዳሳረፉ ነበር። ያን ቀን አልሳቅሁም።

ጥገናው ቀጠለ። ማሞቂያው ከክሩስኮቱ፣ ከመሪው ፊት ካለው ሰሌዳ፣ ሥር ያለ የጫማ ካርቶን የሚያክል ሳጥን ነው። ፈቱት፤ አይጥ ቤተሰብ መሥርታበት ተገኘች። በሎሚ አጠቡት። ቱቦውን በመድኃኒት መርጫ ቱቦ ለወጡ። ማራገቢያው አልዞር ሲላቸው የአሮጌ ኮምፒውተር ማራገቢያ ገጠሙለት። አላፊ አግዳሚው ሲጠይቅ መልሱ አንድ ነው፤ "ትንሽ ነገር ናት የቀረችው።"

ችግሩ ግን የሠሩትን የሚፈትኑት እዚሁ ሲቀላ፣ በሰባት ሰዓት መሆኑ ነው። ሸራውን ይዘጋሉ፤ እኔን ግራ ወንበር ላይ ያስቀምጡኛል፤ ሞተሩን ያስነሱና "እህ፣ ይሞቃል ወይስ አይሞቅም?" ይሉኛል። ላብ በጆሮዬ እየገባ "ይሞቃል" እላለሁ። ምን ልበል? ሞተሩ ባይነሳም ይሞቅ ነበር። እሳቸውም ወጥተው ለገበያው ሁሉ "ተስተካከለ" ብለው ያውጃሉ።

እትዬ መሪማ አንድ ጊዜ አመኗቸው። እስከ ዶርዜ ድረስ ሁሉ ሰላም ነበር። ከዶርዜ በላይ ጉሙ ውስጥ ሲገቡ ማሞቂያው እንደ ማቀዝቀዣ ይነፋባቸው ጀመር፤ የኮምፒውተሩ ማራገቢያ ደግሞ ሥራውን የሚያውቅ ነበርና ብርዱ አጥንት ድረስ ይገባል። እትዬ መሪማ በሩን ከፍተው ወረዱ፤ ዘንቢላቸውን ይዘው መንገድ ዳር ቆሙና ሚኒባስ ጠበቁ። ጋሽ ሙደሲርም መኪናዋን አጥፍተው አብረው ቆመው ጠበቁላቸው። ከዚያ ተከተሏቸው።

አንድ ቀን ሞተሬን ለማሠራት ካሱ ጋራዥ ሄድኩ። ካሱ የኦቾሎ ሰው ነው፤ እጁ ወርቅ፣ አንደበቱ ቁጥብ። ስለ ማሞቂያው እየቀለድኩ ሳወራው የያዘውን መፍቻ አስቀመጠና፣

"የመኪናዋ ማሞቂያ ጤነኛ ነው" አለኝ። "ሞተሩ ነው የማይሞቀው። ቴርሞስታት የለውም።"

ነገሩ እንዲህ ነው። ቴርሞስታት ሞተሩ እስኪሞቅ ድረስ ውሃውን ወደ ራዲያተር እንዳይሄድ የሚያግድ ትንሽ በር ነው። እኛ ቆለኞች ሞተር እንዳይግልብን ብለን መኪና ስንገዛ መጀመሪያ የምናደርገው እሱን ማስወጣት ነው። የዚህ ሃይማኖት ዋና ሰባኪ ደግሞ ጋሽ ሙደሲር ነበሩ። "ቴርሞስታት ለፈረንጅ አገር ነው፤ እዚህ ፀሐይ ራሷ ቴርሞስታት ናት" እያሉ የከተማውን መኪና ግማሽ አስወልቀዋል። ያስወለቁትን ሁሉ እንደ ዓባያ ዓሣ በሽቦ ሰክተው ሱቃቸው ግድግዳ ላይ ሰቅለውታል። ከሁሉ በፊት የወለቀው የራሳቸው መኪና ቴርሞስታት ነው። ማሞቂያ ደግሞ የሚሞቀው በሞተሩ ውሃ ነው። ውሃው ሳይሞቅ ከዞረ ማሞቂያው ምን ያድርግ?

"ታዲያ ለምን አልነገርካቸውም?" አልኩት።

"እሳቸው ትልቅ ሰው ናቸው" አለ ካሱ። "ቴርሞስታት ብል ይቆጣሉ። እኔ ሁለት ዓመት አፈርኩ።"

እኔ ግን አላፈርኩም። ከዓመታት በኋላ የደረሰልኝን ድል ይዤ ወደ ሱቁ በረርኩ። ደግነቱ ጎረቤታቸው ነጋዴው ጀዋርና ሌሎች ደንበኞችም ነበሩ። ሁሉም እንዲሰማ ድምፄን ከፍ አድርጌ፣

"ጋሽ ሙደሲር፣ ማሞቂያዎ ምንም አልሆነም" አልኩ። "ሞተሩ ነው የማይሞቀው። ቴርሞስታቱን ያወለቁት እርስዎ ነዎት።"

እኔ የሚመጣብኝን የአንድ ሰዓት ትምህርት ለመመከት ተዘጋጅቼ ቆምኩ።

"ማን አለ?" አሉኝ በቀስታ።

"ካሱ። ከመጀመሪያው ጀምሮ ያውቃል። እንዳይቀየሙት ብሎ ነው።"

"ሁለት ዓመት" አሉ። ወደ ውጭ፣ ወደ መኪናዋ አዩ። ከዚያ በርጩማ ጎትተው ላዩ ላይ ወጡና ሽቦውን ከምስማሩ አወረዱ። ከሁሉ በፊት የተሰካችውን፣ የራሳቸውን፣ አውጥተው ዝገቷን በአውራ ጣታቸው ፈተጉት። "ልክ ነው። እኔ ነኝ የተሳሳትኩት" አሉ፤ ለእኔም ለጀዋርም ሳይሆን ለቴርሞስታቷ።

ስንት ዓመት የተመኘሁት ቃል ነው። አልጣፈጠኝም። ሰውዬው አንጀቴን በሉት፤ ጀዋርም አንገቱን ደፍቶ ወጣ።

ካሱ በማግስቱ አሮጌዋን ፈትሾ፣ ትሠራለች ብሎ ገጠመላቸው። ከዚያ በኋላ ጋሽ ሙደሲር ዝም አሉ። አንድ ቀን፣ ሁለት ቀን፣ ሦስት ቀን። አምፖል የጠየቀ አምፖል ብቻ ተሰጥቶት ይወጣል። ሰው ግራ ገባው። እኔም በሦስተኛው ቀን አላስችል ብሎኝ ሞተሬን ሱቃቸው በር ላይ አቆምኩና፣ "ጋሽ ሙደሲር፣ ሰንሰለቱን የምግብ ዘይት ልቀባው ነው" አልኳቸው። ሌላ ጊዜ ቢሆን ይሄን ሰምተው ሞተሬን ይቀሙኝ ነበር።

"ካሱን ጠይቀው" አሉኝ። "እሱ ያውቃል።"

ያን ማታ ራሴን ወቀስኩ። ምን ነካኝ ብዬ ከአፌ አወጣሁት? ደግሞስ ማን ጠየቀኝ?

እሁድ ጠዋት እትዬ መሪማ ዘንቢላቸውን አንጠልጥለው ወደ ሚኒባሱ ሲያመሩ ጋሽ ሙደሲር መኪናዋ አጠገብ ቆመው ነበር። ሰው ሁሉ "ተስተካከለ" ይላሉ ብሎ ጠበቀ።

"የረይሐና እናት" አሏቸው፣ "ይሠራ እንደሆነ እንጃ። ከፈለግሽ ነይ።"

እትዬ መሪማ ቆሙ። ባላቸውን ከእግር እስከ ራስ አዩዋቸው። ከዚያ ሚኒባሱን ትተው፣ ግራውን በር ራሳቸው ከፍተው፣ ዘንቢላቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ተቀመጡ።

ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ተመለሱ። ፀሐዩ አናት ይበሳል። ሁለቱም ከኩልፎ ወንዝ የወጡ ይመስል ልብሳቸው ገላቸው ላይ ተለጥፏል። ጋሽ ሙደሲር ገና ሳይቆሙ ያወራሉ። ማሞቂያው ጨንቻ ላይ እንደ ምድጃ ሠርቷል፤ ብቻ አሁን አልጠፋ ብሏል፤ ችግሩ ወደ ማሞቂያው የሚሄደውን ውሃ የሚዘጋው መዝጊያ ነው።

"ተጣብቆ ይሆናል" አልኩ።

"አልተጣበቀም። አንተ ደግሞ በምግብ ዘይት ሰንሰለት የምትቀባ ሰው ስለ መዝጊያ ምን ታውቃለህ? እንግሊዞች መዝጊያ ሲሠሩ..." እያሉ ወርደው ኮፈኑን ከፈቱ። ስድቡ ልቤን አሞቀው፤ ደስ አለኝ።

"እንዳትነካው" አሉ እትዬ መሪማ ከውስጥ። "ከነካኸው እንደገና ሁለት ዓመት ነው።"

"እትዬ፣ እርስዎ እንኳ ይውረዱ፤ ይቀልጣሉ እኮ" አልኳቸው።

"ትንሽ ልቀመጥ" አሉኝ፣ ፊታቸውን በሻሻቸው ጫፍ እየጠረጉ። "ሁለት ዓመት ሙሉ ከሚኒባሱ የኋላ ወንበር ላይ ነበር የምቀመጠው። መንገዱ ሲያነጥር ጉልበቴን ሲገድለኝ። ፊት ወንበር እየሰጡኝ እንቢ እል ነበር። የኋላው መስታወት አቧራ ነው፣ እሱ አያየኝም፤ እኔ ግን ከኋላ መምጣቱን አየው ነበር። ጉም ሲውጠው ሹፌሩን ቀስ በል እለው ነበር።"

ጋሽ ሙደሲር ኮፈኑን እንደያዙ ቀሩ። ቀስ ብለው ዘጉት፤ ዞረው በቀኝ በኩል ገቡና፣ በዚያ ሙቀት፣ ከሚስታቸው ጎን ተቀመጡ። ይሄን አያውቁም ነበር። እኔም ፊታቸውን እንዳላይ ወደ ሞተሬ ጎንበስ አልኩ።