የጣንታው ሹም ኡስታዝ ሸውቂ በወንዝ ዳሩ ታላቅ ሆቴል ላይ የዘመቱት ዘመቻ

ኡስታዝ ሸውቂ በግብፅ አገር ከጣንታ ባቡር ጣቢያ ሹመት በጡረታ በወረዱ በአራተኛው ዓመት፣ ግራ ጉልበታቸው ደረጃ አልወጣም ብሎ በሸፈተ በሁለተኛው፣ አዲሱ ማቀዝቀዣ ቤታቸው በገባ በሰባተኛው ወር፣ በዕለተ ሐሙስ የሆነውን ነገር እንጽፋለን። ኡስታዝ በዚያ አገር አቶ እንደ ማለት ነው፤ እኒህ ሸውቂ ማለት መኰንነ ባቡር፣ እግዚአ ፉጨት፣ የተጻፈ ዋጋ ከፍለው የማያውቁ፣ ዓሣ ነጋዴ ከሩቅ ሲያያቸው ትልልቁን ዓሣ የሚደብቅባቸው፣ ከጥርስ ሐኪም ጋር እንኳ አፋቸውን ከፍተው የተከራከሩ ናቸው። በጣንታ ገበያ ስማቸው ሲጠራ ነጋዴ ሁሉ ይቃትታል።

የዘመቻውም ምክንያት ይህ ነው። ከዚያ ሐሙስ አርባ ዓመት አስቀድሞ፣ በሠርጋቸው ዕለት፣ ኡስታዝ ሸውቂ ሙሽራቸውን ኒዕማትን በነጭ ቀሚስዋ ይዘው ካይሮ ወዳለው ታላቅ ሆቴል መጥተው ነበር፤ ነገ ጠዋት ዓይንሽን ስትገልጪ ፈለገ ግዮንን፣ የአገሩ ሰው ናይል የሚለውን፣ ከመስኮትሽ ሥር ታዪዋለሽ ብለው ቃል ገብተውላት ነበርና። ዋጋም ጠየቁ፣ ተነገራቸው፣ ሠራተኛውን ቀንስ አሉ፣ ቀነሰ፣ ድገም አሉ፣ ደገመ፤ ሙሽራይቱም በእንግዳ መቀበያው ወንበር ላይ አበባዋን ይዛ አንድ ሰዓት ሙሉ ተቀመጠች፣ አበባውም ጠወለገ። በመጨረሻ በሁለት ኪሎ ብርቱካን ዋጋ ብቻ ተለያዩና፣ ኡስታዝ ሸውቂ ከምሸነፍ ይቅርብኝ ብለው ወጡ፤ ያደሩትም ሹብራ በሚባል የካይሮ ሰፈር፣ ከሙሽራይቱ አክስት ቤት፣ ከመኪና ጋራዥ በላይ፣ ሶፋ ላይ ነው። በነጋም ጊዜ ሙሽራይቱ መስኮት ብትከፍት ያየችው ግድግዳ ነበር፣ በግድግዳውም ላይ የጎረቤት ካልሲ ተሰጥቶ ነበር። ገንዘቡ ግን በኡስታዝ ሸውቂ ኪስ ሙሉውን ነበረ፤ ይህንንም ወይዘሮ ኒዕማት ያውቁ ነበር።

በአርባው ዓመት ሁሉ ይህን ነገር አንሥተው አልተጣሉም። ወይዘሮ ኒዕማት በድልድይ ላይ ባለፉ ቁጥር ብቻ ፊታቸውን ያዞሩና «እኔ ወንዝ አይቼ ምን ልሁን፤ ግድግዳ ይበቃኛል» ይሉ ነበር። አርባኛው ዓመት ሳምንት ሲቀረው ግን በወጥ ቤት ቆመው፣ ጭልፋ ጨብጠው፣ እንዲህ ሲሉ ዐወጁ፦ «ስማ አንተ ሰውዬ! ሐሙስ አርባ ዓመታችን ነው። ወይ ናይልን በመስኮት ታሳየኛለህ፣ ወይ እህቴ ዘንድ ሹብራ ሄጄ ድራማዬን አያለሁ። ከዚያ ወዲያ ግን እገሌን እንዲህ አስቀነስኩት፣ እገሌን እንዲያ አስቀነስኩት ብለህ ጆሮዬ ላይ እንዳትመጣ። አልሰማህም! በቃኝ!» ኡስታዝ ሸውቂም ይህን ሰምተው ደነገጡ፤ ከሚስታቸው በቀር ድላቸውን ሁሉ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የሚሰማ ሰው በምድር ላይ አልነበራቸውምና።

ወእምዝ በስልክ ከበባ ጀመሩ። በመጀመሪያው ቀን ወደዚያው ሆቴል ዋና መሥሪያ ቤት ደውለው ሙዚቃ ብቻ ሰምተው ተመለሱ። በሁለተኛው ቀን ዋጋ የመቀነስ ሥልጣን ያለው ከእንግዳ መቀበያው መሆኑን ዐውቀው በቀጥታ ወደዚያ ደወሉ፤ ከሦስተኛውም ቀን ጀምሮ ሁልጊዜ ከምሳ በኋላ ደወሉ፣ ሠራተኛ ያን ጊዜ ለስለስ ይላልና። በየቀኑም የአገር ልጅ ዋጋ፣ የጡረተኛ ዋጋ፣ የባቡር ሠራተኞች ዋጋ፣ እንዲሁም ለጣንታ ሰዎች ብቻ የሚሰጥ ዋጋ ጠየቁ፣ ይህ የኋለኛው በዓለም ላይ የሌለ ነው። ስልኩን የምታነሣው ኒርሚን የምትባል የእንግዳ መቀበያ ሠራተኛ ነበረች፤ ቃልዋ ማር፣ ልቧ ግንብ። በአምስተኛው ቀን ግን ደከማትና ዐወጀች፦ «ፓሻዬ፣ የለኝም! የቀረኝ የሙሽሮች ዋጋ ብቻ ነው፤ በግማሽ፣ ከፍ ያለ ፎቅ፣ ናይል ፊት ለፊት፣ የፍራፍሬ ቅርጫትም አለው። መቼም እርስዎ ሙሽራ አይደሉም!»

ከዚህ ቀጥሎ ያለውን ባንጽፈው ደስ ባለን ነበር። ኡስታዝ ሸውቂ ጉሮሮአቸውን ጠረጉና «ነኝ እንጂ!» ብለው ዐወጁ። ኒርሚንም መረቀቻቸው፣ ለሐሙስ ጻፈችላቸው፤ እርሳቸውም ስልኩን ዘግተው ላባቸውን ጠረጉ፣ ለወይዘሮ ኒዕማትም ይህን አልነገሩም።

በዕለተ ሐሙስ ማለዳ ከጣንታ ተነሡ። የተከተላቸውም ሠራዊት ይህ ነው፦ ወይዘሮ ኒዕማት፣ እመቤተ ቤት፣ ፀጉራቸውን የተሠሩ፤ የወይዘሮ ኒዕማት ወንድም ፈትሒ፣ ትከሻው ለሻንጣ አፉ ለማጉረምረም የተፈጠረ፣ ዕቃ አድርሶ ወደ ሹብራ የሚሸኝ፤ በገመድ የታሰረ ቡናማ ሻንጣ፣ በምድር ባቡር ሠላሳ ዓመት ያገለገለ፤ ስድስት ካርቶን የጣንታ ጣፋጭ፣ ስኳር የለበሰ ሽምብራና ሰሊጥ፣ እርሱም የዘመቻው ጥይት ነበር፤ ሩዝ የተሞሉ ስምንት እርግቦች በድስት፣ ድስቱ በፎጣ፣ ፎጣውም በትራስ ልብስ ተሸፍኖ፣ የሆቴል እራት ዋጋው እሳት ነውና። ባቡሩም በተንቀሳቀሰ ጊዜ ኡስታዝ ሸውቂ ከመቀመጫቸው ተነሥተው ይህን ሥርዓት ደነገጉ፦ «ስሙኝ! ሆቴል ገብቶ ጣሪያ ቀና ብሎ የሚያይ ሰው ሙሉ ዋጋ ይከፍላል፤ ማንም ጣሪያ እንዳያይ! በር የሚከፍተውን ፓሻ በሉት፣ ሻንጣ የሚይዘውን ፓሻ በሉት። መጀመሪያ ጣፋጩ፣ ከዚያ ሰላምታው፣ ከዚያ ጥያቄው። የመጀመሪያውን ክፍል ቢሰጡን ፊታችንን ቅጭም እናደርጋለን፣ ሌላ ያሳዩናል። ፈትሒ፣ አንተ ደግሞ ዝም!» ፈትሒም በበኩሉ «እርግቡ ሱሪዬ ላይ እየፈሰሰ ነው!» የሚል አዋጅ አስነገረ።

ከዚያም ተነሥተው በካይሮ ጣቢያ ሰፈሩ፣ ሻይም ጠጡ፤ ከዚያም ተነሥተው በታክሲ ሰፈሩ፣ ባለታክሲውንም ተዋግተው ድል ነሡት፤ ከቀኑ በዘጠኝ ሰዓት በሆቴሉ ደጅ ሰፈሩ። ሐሙስ የሠርግ ቀን ነውና እንግዳ መቀበያው በአክስቶች ተሞልቶ ነበር፤ ወርቃቸውን እስከ ክርናቸው ደርድረው ከፀጉር ቤት የምትመጣ ሙሽራቸውን ይጠብቁ ነበር። ፈትሒም ገና በሩን አልፎ ሳይጨርስ ቀና ብሎ ጣሪያውን አየ፣ አፉንም ከፈተ። ኡስታዝ ሸውቂ ያን ጊዜ ቀኑ እንደተበላሸ በሆዳቸው ዐወቁ።

ቢሆንም ክራባታቸውን አቃንተው ወደ ባንኮኒው ሄዱ፣ ሁለት ካርቶንም አኖሩ። ኒርሚን ስማቸውን ባየች ጊዜ ፊቷ በራና «ሙሽራው! እንኳን ደህና መጡ! ሙሽሪትስ የታለች?» ብላ ለሰው ሁሉ በሚሰማ ድምፅ ዐወጀች። ወይዘሮ ኒዕማትም ከኋላ ሆነው «የማን ሙሽሪት?» አሉ። የኡስታዝ ሸውቂ ጆሮ እንደ ምጣድ ጋለ። ኒርሚንም ሁለቱን ተራ በተራ አየችና የሙሽሮች ዋጋ ያለ አዲስ የጋብቻ ወረቀት እንደማይሰጥ ተናገረች፤ እርሳቸውም ቤት ረሳነው ሊሉ አፋቸውን ሲከፍቱ፣ ወይዘሮ ኒዕማት ቀደሙ። በዚያ አገር ከባልዋ ጋር ሆቴል የምትገባ ሴት የጋብቻ ወረቀትዋን ሳትይዝ ከቤትዋ አትወጣምና፣ ቦርሳቸውን ከፍተው ከማበጠሪያው፣ ከመድኃኒቱና ከመቁጠሪያው ሥር በላስቲክ የተጠቀለለ ወረቀት አወጡ፣ ከፍ ባለ ኩራትም በባንኮኒው ላይ ዘረጉት። «ይኸው! ማን መሰልናችሁ?» ብለው ለሆቴሉ በሙሉ ዐወጁ። ኒርሚንም አነበበችና «ሐጃ፣ ይሄ እኮ አርባ ዓመቱ ነው!» አለች።

በይእቲ ሰዓት የኡስታዝ ሸውቂ ሠራዊት ተፈታ። አክስቶቹ ሁሉ ዞሩ። የሆቴሉ ሥራ አስኪያጅ ሙራድ ቤይም፣ ጫማው የሚያብረቀርቅ፣ ከጓዳው ወጥቶ ነገሩን ሰማና ፍርድ ሰጠ፦ «ኡስታዝ፣ ሙሽራ ነኝ ብለው አሞኝተውናል፤ ስለዚህ የሙሽራ ዋጋ የለም። ቅናሽ ካሉ ከኋላ በኩል አንድ ክፍል አለኝ፣ የልብስ ማጠቢያውን ግድግዳ ነው የሚያየው። ናይልን ካሉ ግን ሰሌዳው ይኸውልዎ፤ የተጻፈው ነው፣ አንዲት አትቀንስም።»

ወይዘሮ ኒዕማት ሙራድ ቤይን አላዩትም። ባላቸውን ለረጅም ጊዜ አዩ፣ ወረቀታቸውን በላስቲኩ ጠቀለሉ፣ ሻሻቸውን አጠበቁ፣ አዋጃቸውም አጭር ነበረች፦ «ፈትሒ፣ ድስቱን አንሣ። ግድግዳማ ሹብራም አለ።»

ኡስታዝ ሸውቂም በዚያው ወንበር ላይ፣ ወይም እርሱን በተካው ወንበር ላይ፣ የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ ከጠወለገ አበባዋ ጋር ተቀምጣ ያዩ መሰላቸው። በአርባ ዓመት ያሸነፉትን ነጋዴ ሁሉ፣ ዓሣ ሻጩን፣ ልብስ ሰፊውን፣ የጥርስ ሐኪሙን በአሳባቸው አሰለፉ፤ ከነዚያ ሁሉ ድሎች ግን ለዚያች ልጅ የሚሆን አንድ መስኮት አጡ። ስለዚህ እጃቸውን ወደ ኪሳቸው ሰደዱ፣ የመጨረሻውን ባቡር እንደሚያስነሡ ያህልም ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ዐወጁ፦ «የተጻፈውን እከፍላለሁ! ሰምታችኋል? የተጻፈውን! አንዲት ፒያስተር አላስቀንስም! ያኔም መክፈል እችል ነበር፤ ኪሴ ሙሉ ነበር፣ ባዶ የነበረው ጭንቅላቴ ነው። ኒዕማት፣ የትም አትሄጂም፣ ናይልን ታዪዋለሽ!»

ወይዘሮ ኒዕማት ቆሙ። እጃቸው ሳያዙት ወደ አፋቸው ሄደና እልልታቸውን ለቀቁት፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ ጣሪያው ድረስ የወጣ። አክስቶቹም ሙሽራችን ደረሰች ብለው ብድግ ብለው በእልልታ መለሱ፣ ወደ በሩ ሮጡ፣ ሙሽራ ሲያጡ ተመለሱ፣ ነገሩንም ከፈትሒ አፍ ሰምተው ባንኮኒውን ከበቡ። ከመካከላቸው በወርቅም በዕድሜም የምትበልጠው ሙራድ ቤይን በጣቷ እየጠቆመች ዐወጀች፦ «አንተ ልጅ፣ አታፍርም? አርባ ዓመት ሙሉ የጠበቀች ሙሽራ ፊትህ ቆማ ሰሌዳ ታሳያለህ? የእኛዋ እኮ ገና ዛሬ መጀመሯ ነው፤ አርባ ትድረስ አትድረስ ማን ያውቃል! በል ክፍሉን ስጣቸው፣ ያለዚያ ሠርጋችንን ከነከበሮው ይዘን ማዶ ወዳለው ሆቴል ነው የምንሻገረው!»

ሙራድ ቤይ አክስቶቹን ቆጠረ፣ ሳቁም አመለጠው። ወረቀቱን እንደገና ጠየቀ፣ ወደ መብራቱ አቀረበው፣ ከዚያም የመጨረሻውን ፍርድ ሰጠ፦ «ቀኑ የዛሬው ቀን ነው፣ ወሩም የዛሬው ወር ነው። ዓመቱን እኔ መነጽር ስላልያዝኩ አላየሁትም። ኒርሚን፣ ሙሽሮቹን አሥራ አራተኛ ፎቅ፣ ናይል ፊት ለፊት፣ በሙሽሮች ዋጋ! ፍራፍሬውም ይውጣላቸው። ደግሞ ያንን የሚሸተውን ድስት አላየሁትም።»

በነጋም ጊዜ፣ ፀሐይ ገና ድልድዩን ስትነካ፣ ወይዘሮ ኒዕማት መጋረጃውን ሳቡት። ግዮንም በዚያ ነበረ፤ ሰፊ፣ ዝም ያለ፣ አንድ ሸራ ያላት ጀልባ በላዩ የምትዘገይበት። «ሸውቂ! ተነሥ አንተ ሰውዬ! ይኸው፣ እዚሁ ነው ያለው!» ብለው ዐወጁ፤ ወንበር ስበው፣ እግራቸውን አጥፈው፣ ቀዝቃዛ እርግብ እየበሉ እስከ ረፋድ ተቀመጡ። ኡስታዝ ሸውቂም በአልጋው ጫፍ ሆነው ወንዙን ትንሽ፣ ሚስታቸውን ብዙ አዩ።

ወደ ጣንታም በተመለሱ ጊዜ ወይዘሮ ኒዕማት ከሰገነት ወደ ሰገነት አስነገሩ፦ «የተጻፈውን እከፍላለሁ አለ! ሸውቂ! በሕዝብ ፊት! ለእኔ!» ሥራ አስኪያጁ በኋላ ያደረገውን ግን አልጨመሩም፤ ለእርሳቸው ታሪኩ እዚያ አልቋልና። ይህም ወሬ ገበያ ደረሰ። ዓሣ ነጋዴው ትልልቁን ዓሣ ከተደበቀበት አውጥቶ «ፓሻ፣ ለሆቴል የተጻፈውን የከፈለ ሰው እኔን ድሃውን ቀንስ ይለኛል? ነውር ነው!» ብሎ ዐወጀ፤ ሌሎቹም ተከተሉት፣ ከዚያች ቀን ጀምሮ በጣንታ ገበያ ለኡስታዝ ሸውቂ አንድም ዋጋ አልወረደም።

የሆቴሉ ደረሰኝ ግን፣ በግማሽ ዋጋ የተጻፈው፣ በደረት ኪሳቸው ነበረ። አንድ ጊዜ ቢያወጡት የአርባ ዓመት ዝናቸው ይመለስ ነበር፤ ፈትሒም «አሳያቸው እንጂ! ምን ነካህ?» እያለ ይወተውታቸዋል። አንድ ቀንም በዓሣ ነጋዴው ፊት እጃቸው እስከ ኪሳቸው ደርሳ ነበር፤ ነገር ግን ቀና ቢሉ ወይዘሮ ኒዕማት በሰገነቱ ላይ ለአዲስ ጎረቤት ታሪኩን ሲናገሩ፣ የተጻፈውን ከሚለው ሲደርሱም ፊታቸው እንደ ሙሽራ ሲበራ አዩ። እጃቸውን መለሱ፣ የተጠየቁትንም ከፍለው ዓሣቸውን አንጠልጥለው ሄዱ።

ስለዚህ ስብሐት ለሸውቂ ዘጣንታ፣ ነጋዴን ሁሉ ድል ለነሡ፣ በመጨረሻም ራሳቸውን ድል ለነሡ! ስብሐት ለደረት ኪሳቸው፣ ምስጢር ለምትጠብቀው! ዓሣ በሚዛን፣ ባቡር በሐዲድ፣ ግዮንም በአሥራ አራተኛው ፎቅ ሥር እስካለ ድረስ ጣንታ ሁሉ እንደ ተሸነፉ ያውራ፤ ሚስታቸውም ያውሩ፤ እርሳቸውም ዓሣቸውን በውድ እየገዙ ይስሙ።