የጉማሬው ተጠሪ

በየቀበሌው፣ መንግሥት ባይመድበውም፣ ለሁሉም ነገር የሚጨነቅ አንድ ሰው አይጠፋም። ሰማዩ ሲጠቁር ስለ ጎርፍ፣ ሲጠራ ስለ ድርቅ ያስባል። የእኛ የአዋሳዎቹ ክቡር የጭንቀት ሊቀ መንበር የመሃል ከተማው ልብስ ሰፊ ጋሼ ጉልላት ነበሩ። መፈክራቸው አንዲት ናት፤ «ኋላ ማን ሊጠየቅ ነው?»

የዱር እንስሳት ጥበቃ በጎ ፈቃደኛ የሆኑት እጃቸውን በማውጣታቸው ነው። እሑድ የቀበሌ ስብሰባ ላይ ሳለን፣ የከሰል ካውያቸውን ከነፍሙ ሱቅ ውስጥ ጥለውት መምጣታቸው ትዝ አላቸው። ለመውጣት ሊያስፈቅዱ እጃቸውን ሲያነሱ፣ የቀበሌው ሊቀ መንበር «የሐይቃችንን እንስሳት በፈቃደኝነት የሚጠብቅ ማነው?» ብሎ መጠየቁ ነበር። ጭብጨባው ቀለጠ። ያን ጊዜ፣ በደርግ ዘመን፣ በጭብጨባ የጸደቀ ነገር ማን ያፈርሳል? እኔም አጠገባቸው በመቀመጤ ረዳት ተደረግሁ። ሱቅ ስንደርስ የአንድ ካድሬ ሱሪ ጉልበቱ ላይ ተቃጥሎ ጠበቀን።

ሥራችን የዓሣ ገበያው ባለበት በአሞራ ገደል የሐይቁን ዳር እየዞርን ልጆች አባ ኮዳዎቹን፣ እነዚያን ራሰ በራ ትልልቅ ወፎች፣ በድንጋይ እንዳይመቱ፣ ዓሣ አስጋሪዎችም ጉማሬዎቹን እንዳያባርሩ መከላከል ነው። ለጋሼ ጉልላት ይህ አልበቃም። አባ ኮዳ የዓሣ አንጀት ሲውጥ «መንጠቆ ቢኖርበትስ?» ይላሉ። ጉማሬ ጠልቆ ከቆየ ደግሞ ባርኔጣቸውን አውልቀው ውሃው ላይ ያፈጣሉ።

«ሞቶ ይሆን? ያውም በእኛ ተራ!»

«ጋሼ፣ ጉማሬ እኮ ኑሮው ውሃ ውስጥ ነው።»

«አንተ ምን አለብህ! ኋላ ማን ሊጠየቅ ነው?»

ብቅ ሲል «እፎይ፣ ጓድ» ብለው ባርኔጣቸውን መልሰው ይደፋሉ። እኔም ሳላውቀው ትንፋሼን ውጬ ቆይቻለሁ።

አንድ ጠዋት ሐይቁ አጠገብ ያለው የቀበሌው የኅብረት ጎመን ሙልጭ ብሎ ተበልቶ፣ የአትክልቱ በር ወለል ብሎ ተገኘ። እኛ ግን ጎህ ሲቀድ አንድ ጉማሬ ጎኑ ላይ የጎመን ቅጠል ለጥፎ ወደ ሐይቁ ሲገባ አይተናል። ሊቀ መንበሩ ጠመንጃ የያዘ አብዮት ጠባቂ አስከትሎ መጣ።

«የጉማሬ ሥራ ከሆነ ዛሬውኑ ይገደላል። ጓድ ጉልላት፣ ምን አዩ?»

ቀና ብዬ አየኋቸው። ባርኔጣቸውን አወለቁ።

«ጉማሬ አላየሁም» አሉ። «ማታ ከጥበቃ ስመለስ አትክልቱን ላይ ገብቼ በሩን ሳልዘጋ የሄድኩት እኔ ነኝ፤ ከብት ገብቶ ይሆናል። እኔን ጠይቁኝ።»

ወስደው ቀበሌ አሰሯቸው። በዚያ ዘመን ታስሮ የገባ ሰው መቼ እንደሚወጣ የሚያውቅ አልነበረም። እኚህን ሰውዬ እንደምወዳቸው የገባኝ ያኔ ነው። ምሳ ይዤ ስሄድ በመስኮቱ ብረት መሃል ፊታቸውን አወጡ።

«ብቅ አለ?»

«ጋሼ፣ እርስዎ ደህና ነዎት?»

«ብቅ አለ ወይ ነው የምልህ! ሂድ እንጂ፣ ማን ጋ ጥለኸው መጣህ?»

ወደ ሐይቁ ሮጥኩ። ውሃው ጸጥ ብሏል። ብቅ እስኪል ድረስ ቆሜ ጠበቅሁና «እፎይ፣ ጓድ» አልኩት። ከዚያ ተመልሼ የቀበሌው ደጃፍ ላይ ተቀመጥኩ።

«ምን ትፈልጋለህ?» አለኝ ዘበኛው።

«ጋሼ ጉልላትን እየጠበቅሁ ነው።»

«ምናቸው ነህ?»

«ረዳታቸው ነኝ» አልኩ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ በፈቃዴ።